በሐሰት ሲከሰሱ፦ ዝም የሚሉበትና የሚናገሩበት መንገድ

የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ነዎት እንበል። ሒሳቡ ጎደለ ተባለና ማንም ደብተሩን ሳያገላብጥ ስምዎ በየቤቱ ገባ። ወይም ያልተናገሩት ቃል በስምዎ ለአለቃዎ ደረሰ። ወይም ዘመድ በተሰበሰበበት ያላደረጉትን አደረጉ ተባለ። በዚህ ጊዜ የሚሰሙት ምክር አንድ ነው፤ «ዝም ይበሉ፤ እግዚአብሔር ያውቃል።»

ምክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። ዝም የሚባለው በማን ፊት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ እስከዚያ ድረስም ምን እንደሚሠራ አይነግርም። ስለዚህ አንዱ ዝም እላለሁ ብሎ ውስጥ ውስጡን ሲቃጠል ይከርምና አንድ ቀን በማይሆን ቦታ ይፈነዳል። ሌላው መናገር በሚገባው ቦታ ዝም ብሎ ሥራውንና የልጆቹን እንጀራ ያጣል፤ ከዚያም «እግዚአብሔር ተወኝ» ብሎ ያዝናል።

ከዚህ በታች ያሉት ስምንት ደረጃዎች የቆሙት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። መልስ የሚገባው የመጠየቅ ኃላፊነት ላለበት ሰው ነው። ለወሬ ዝምታ ይበቃዋል። የመጨረሻው ፍርድ ግን የእግዚአብሔር ነው። በእርሱ መታመን ማለት ፍርዱን ለእርሱ መተው ነው እንጂ የራስን ድርሻ መጣል አይደለም።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልግዎ

አንድ አዲስ ደብተር፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ምሥጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው እና በቀን ውስጥ ሰው የማይገባበት ጥቂት ጊዜ ያዘጋጁ። ምሥጢር ጠባቂው የንስሐ አባትዎ፣ መጋቢዎ ወይም የበሰለ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ከሳሽዎን የሚጠላ ሰው ግን አይምረጡ፤ እንዲህ ያለው ሰው ቁስልዎን ሳይሆን ቂሙን ያክማል።

አንድ ቅድመ ሁኔታም አለ። የሚዛትብዎ፣ የሚመታዎ ወይም ክሱን መሣሪያ አድርጎ የሚያስገድድዎ ሰው ካለ በዚህ መመሪያ አይጀምሩ። መጀመሪያ ከአደጋው ይራቁ፤ ለቤተሰብና ለፖሊስ ያሳውቁ። ጥቃትን የሚሸፍን ዝምታ እምነት አይደለም።

1. የመጀመሪያውን አንድ ቀን አፍዎንና ስልክዎን ይያዙ

ክሱን እንደሰሙ ደም ይፈላል፤ ይህ ኃጢአት አይደለም፤ የተጎዳ ሰው ሁሉ የሚሰማው ነው። አደጋው በዚያ ሰዓት የሚናገሩት ነው። ሰው ሲቆጣ የሚናገረው ቃል ሁለተኛ ክስ ይሆናል። የመጀመሪያው ሐሰት ይረሳና «እንዲህ ብሎ ሰደበን» የሚለው እውነት ሆኖ ይቀራል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነውና መልሰው ሊሰበስቡት አይችሉም።

ሰው ፊት ለፊት ከጠየቀዎ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ «ሰምቻለሁ፤ እውነት አይደለም፤ አስቤበት ለሚመለከተው እመልሳለሁ።» ከዚያ ርዕሱን ይለውጡ ወይም ይነሡ። ስልክዎን ለሌላ ሰው ይስጡ ወይም ዳታውን ያጥፉ፤ በተለይ ማታ። ስለዚህ ጉዳይ ቮይስ አይላኩ፤ በፌስቡክም ሆነ በቲክቶክ ላይ «የሚገባው ይገባዋል» የሚል ቅኔ አዘል ጽሑፍ አይለጥፉ። ስም ያልጠሩበት ጽሑፍ ዝምታ አይባልም፤ የተሸፈነ ዱላ ነው፤ ሰውም ወዲያውኑ ያውቀዋል።

የተለመዱ ስሕተቶች፦ በዚያው ምሽት ወደ ከሳሹ ቤት መሄድ፤ ወንድምን ወይም ጎረምሳ ልጅን መላክ፤ በራስ ላይ መርገም እየጠሩ መማል። መሐላ ያመነዎትን ሰው አይጨምርለትም፤ ያላመነዎትንም አይመልሰውም።

በዚህ ደረጃ የሚታወሰው ዳዊት ነው። ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በመንገድ ላይ ሳለ ሳሚ የተባለ ሰው ድንጋይ እየወረወረ፣ ትቢያ እየበተነ ይረግመው ነበር። ከዳዊት ጋር የነበረው አቢሳ ሄዶ የሳሚን ራስ ሊቆርጥ ፈቃድ ጠየቀ። ዳዊት ሰይፍ የያዙ ሰዎች በዙሪያው ነበሩ፤ ቢሆንም ከለከለ፤ ነገሩን እግዚአብሔር ያየዋል ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ዝምታ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ መመለስ እየቻሉ ሲተዉት ነው።

2. ራስዎን ይመርምሩ

ከእግዚአብሔር ፊት ንጹሕ ነኝ ብሎ ለመቆም መጀመሪያ ንጹሕ መሆንን ማየት ያስፈልጋል። መዝሙር 7ን ያንብቡ። ዳዊት በዚያ ስለ ንጽሕናው ከመጮኹ በፊት ራሱን ለምርመራ ያቀርባል፤ በእጁ ዓመፅ ቢገኝ ጠላቱ እንዲይዘው ይፈቅዳል።

ደብተርዎን ከፍተው አንዱን ገጽ በሦስት ዓምድ ይክፈሉት። በመጀመሪያው ፈጽሞ ሐሰት የሆነውን፣ በሁለተኛው እውነት የሆነውን፣ በሦስተኛው ክሱን እውነት ባያደርገውም ለመጠርጠር በር የከፈተውን ይጻፉ። ገንዘብ ያዡ ገንዘብ አልወሰደም፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለሁለት ወር ሒሳብ ሳያሳይ ቆይቷል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። የዕድሩን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ጋር በአንድ የባንክ ሒሳብ አስቀምጧል፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ ሳይታረም የመጀመሪያውን ማስተባበል ስለማይቻል ነው። እውነት ለሆነችው ጥቂት ነገር ሳይጠየቁ ይቅርታ ይጠይቁ፤ ለጥርጣሬ በር የከፈተውን አሠራር በዚያው ሳምንት ያስተካክሉ። እንዲህ ያደረገ ሰው ስለ ቀረው ሲናገር ይሰማል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። አንዱ «በሐሰት ተከሰስኩ» በሚለው ቃል ጀርባ እውነተኛውን ጥፋት መደበቅ ነው። ሌላው ለሰላም ሲባል ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ የሚያስከትለው የሽማግሌዎች ቅንነት ነው፤ «አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብሽ ተባባሉና ይቅር፤ ይቅርታ በልና ነገሩ ይለቅ» ይላሉ። ሽማግሌ ማክበር ይገባል፤ ሐሰትን መፈረም ግን አይገባም። እንዲህ ይበሉ፦ «አባቶቼ፣ ባዘናችሁበት አዝናለሁ፤ ባጎደልኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያላደረግሁትን ግን አደረግሁ ብዬ በእግዚአብሔር ፊት መዋሸት አልችልም።»

3. የሆነውን ሁሉ በወረቀት ያስፍሩ

አፍዎ ዝም ሲል እጅዎ ይጻፍ። ምን ተባለ፣ ማን አለ፣ መቼ፣ የት፣ ማን ሰማ፤ እርስዎ በዚያ ቀን የት ነበሩ፣ ምን ማስረጃ አለ። የባንክ ደረሰኝ፣ የቴሌብር መልእክት፣ የዕድር ቃለ ጉባኤ፣ የሥራ መግቢያና መውጫ መዝገብ፣ የጽሑፍ ልውውጥ ሁሉ ይሰብሰብ። የስልክ መልእክት ሊጠፋ ስለሚችል ስክሪንሹት ያንሡና ቢያንስ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ።

ይህ ሥራ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ትዝታ ከቁጣ ጋር እየተቀላቀለ ይለወጣል፤ በሳምንቱ የተጻፈ ቃል ከስድስት ወር በኋላ ከሚነገር ቃል ይልቅ ይታመናል። ሁለተኛ፣ ሌሊት በጭንቅላትዎ የሚዞረው ክርክር በወረቀት ላይ ሲሰፍር ይረጋል፤ እንቅልፍም ይመለሳል።

ብዙዎች ማስረጃ መያዝ የእምነት ማነስ ይመስላቸዋል፤ በዚህ ይሳሳታሉ። የሶስና ታሪክ ይህን ይመልሳል። ሁለት ሽማግሎች በሐሰት መስክረውባት ሞት ተፈረደባት፤ ወደ እግዚአብሔር ጮኸች፤ እግዚአብሔርም ዳንኤልን አስነሣ። ዳንኤል ያደረገው ግን ተአምር አልነበረም። ሁለቱን ምስክሮች ለየብቻ አቁሞ ነገሩን ያዩት ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ ጠየቃቸው፤ የተለያየ ዛፍ ጠሩ። የጸሎቷ መልስ የመጣው በጥንቃቄ በተደረገ የምስክር ምርመራ በኩል ነው።

ይጠንቀቁ፤ መዝገቡ የእርስዎን ንጽሕና ብቻ ይያዝ። የከሳሹን የድሮ ገመና መቆፈር፣ ስልኩን መበርበር፣ በድብቅ ሰው ማሰማራት አይገባም። በዚያ መንገድ ከሄዱ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ይሆናሉ።

4. የዝምታውንና የንግግሩን ቦታ ይለዩ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። ጌታችን ራሱ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም አድርጓል። ሄሮድስ ተአምር ለማየት ጓጉቶ በብዙ ቃል ሲጠይቀው አንዳች አልመለሰም። ጲላጦስ ግን ገዥ ነበር፤ ንጉሥ መሆኑን ሲጠይቀው ስለ መንግሥቱ ምንነት መለሰለት። የካህናት አለቆች በብዙ ሲከስሱት ደግሞ በዚያው በጲላጦስ ፊት ዝም አለ። የሊቀ ካህናቱ ሎሌ በጥፊ ሲመታውም ክፉ ተናግሬ እንደሆነ መስክር፣ ካልሆነ ስለ ምን መታኸኝ የሚል ጥያቄ አቀረበ። ስለዚህ ዝምታው ፍርሃት አልነበረም፤ በየሰዓቱ የተመረጠ ነበር።

ለመለየት ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ።

ጠያቂው የመጠየቅ ኃላፊነት አለበት? ዳኛ፣ የሥራ ኃላፊ፣ የዕድር ሰብሳቢ፣ የንስሐ አባት፣ የትዳር ጓደኛ የመጠየቅ ኃላፊነት አላቸው፤ መልስ ይገባቸዋል። የቡና ላይ ወሬ፣ የቴሌግራም ቡድን፣ «ምን ሆነ?» እያለ ወሬ የሚለቅም ጎረቤት ግን የላቸውም።

ዝም ብል ሌላ ሰው ይጎዳል? ክሱ ባልደረባዎን፣ ልጅዎን ወይም የሙት ልጆችን ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ዝምታው የእርስዎ ብቻ አይደለምና ይናገሩ።

የጊዜ ገደብ አለው? ብዙ ቅን ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሶት በቀጠሮው ያልቀረበ ሰው ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። በሐሰት ክስ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ለመጠየቅ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያለው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረትም በግል አቤቱታ በሚያስቀጡ ወንጀሎች፣ ስም ማጥፋትን ጨምሮ፣ አቤቱታው የሚቀርበው ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ማቅረብ አለብዎት ማለቴ አይደለም፤ መተው ቢመርጡ እንኳ አውቀው ይተዉት፤ ቀኑ አምልጦ አይሁን።

ፖሊስ ይዞዎት ከሆነ ዝምታዎ የሕግ ጥበቃም አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው ያለመናገር መብት ይሰጠዋል፤ የሚናገረውም ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠርና በጠበቃ እንዲወከል መብት ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ከጠበቃ ጋር ሳይመክሩ ረጅም ቃል አይስጡ፤ ያላነበቡትን ወይም ያልገባዎትን ወረቀትም አይፈርሙ። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶች ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ በስርቆት ስትከሰሱ በማታነቡት ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ለኤምባሲ ወይም ለቆንስላ አሳውቁ።

ሐዋርያው ጳውሎስ በፊስጦስ ፊት ወደ ቄሣር ይግባኝ ያለው እምነት አጥቶ አይደለም። በሕግ የተሰጠውን መብት እግዚአብሔር ከሰጠው በር አንዱ አድርጎ ነው የተጠቀመበት።

5. መናገር ካለብዎት አንድ ጊዜ፣ አጭርና ንጹሕ ቃል ይናገሩ

መናገር የሚገባ ሆኖ ከተገኘ ቃሉን አስቀድመው ይጻፉት፤ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ስድብ፣ ሽሙጥና ግምት ካለበት ይሰርዙ። ለመናገር የሚመች ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የተባለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጥቀስ፤ ሐሰት መሆኑን መናገር፤ ማስረጃውን ማሳየት፤ ቀጥሎ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ መጠየቅ። ለምሳሌ፦ «ከዕድሩ ገንዘብ ወስዷል ተብያለሁ። አልወሰድሁም። የባንኩ መግለጫና ደረሰኞቹ እነዚህ ናቸው። ሦስት ሰው ተመርጦ ሒሳቡ እንዲመረመር እጠይቃለሁ።»

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተሰጠው ሥርዓት ለዚህ ይጠቅማል፤ መጀመሪያ ብቻዎን ወደ ሰውዬው፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘው፣ ከዚያ ወደ ጉባኤው። ብዙዎች ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ ሰውዬው ስሕተቱን የሚያምንበት በር ሳይኖረው በአደባባይ ይገጥሙታል። ብቻዎን መሄድ አደጋ ካለው ግን በሽማግሌ ይጀምሩ።

ሦስት ሰዎችን አስተማሪ አድርገው ይያዙ። ሐና በቤተ መቅደስ በልቧ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰከረች ብሎ ገሠጻት። እርሷ ግን በአክብሮት አልሰከርሁም፣ ልቤ ያዘነ ሴት ነኝ የሚል ሐሳብ ባጭሩ ነገረችው፤ ዔሊም መርቆ ሰደዳት። ያልሰደበችው ካህን ለመመለስ አልከበደውም። ቅጥር ይሠራ የነበረውን ነህምያን ጠላቱ ሰንባላጥ እንገናኝ ብሎ አራት ጊዜ ልኮበት እንቢ ሲለው በአምስተኛው ንጉሥ ልትሆን ታስባለህ የሚል ግልጥ ደብዳቤ ላከበት። ነህምያ ይህ ከልብህ የፈጠርኸው ነው የሚል አጭር መልስ ሰጠ፤ እጁን እንዲያበረታ ጸለየ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዮሴፍ ደግሞ በእስር ቤት ሳለ ለጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ንጽሕናውን ሲናገር ከዕብራውያን አገር ተሰርቆ እንደመጣና እዚህም የሚያሳስር ነገር እንዳልሠራ ብቻ ገለጠ። የሸጡትን ወንድሞቹን አላነሣም፤ በሐሰት የከሰሰችውን የጲጥፋራን ሚስትም ስም አልጠራም። እውነቱን ተናገረ፤ ማንንም ግን አላዋረደም።

የተለመዱ ስሕተቶች፦ መልሱን ለየሰዉ መደጋገም፤ ከተጠየቁት በላይ ማብራራት፤ «እርሱስ ቢሆን» ብሎ የሌላውን ጥፋት ማንሣት። ከተናገሩ በኋላ ዝምታው እንደገና ይጀምራል፤ አዲስ ማስረጃ ካልመጣ በቀር አይመለሱበት።

6. ፍርዱን በጸሎት ለእግዚአብሔር ያስረክቡ

«ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ማድረጉ ግን የየቀን ሥራ ነው። ጠዋት ወይም ማታ አንድ ቋሚ ሰዓት ይያዙና በዚህ ቅደም ተከተል ይጸልዩ።

መጀመሪያ ሕመምዎን ሁሉ ሳይሸፋፍኑ ይናገሩ። መዝሙር 34 እና 37 (በአንዳንድ ኅትመቶች 35 እና 38) ለዚህ የተዘጋጁ ያህል ናቸው። የመጀመሪያው በሐሰት ምስክሮች የተከበበ ሰው ጩኸት ነው። ሁለተኛው እንደማይሰማና እንደማይናገር ሰው የሆነው ዳዊት ጸሎት ነው፤ ዝም ያለውም በእግዚአብሔር ተስፋ ስላደረገ እንደሆነ ይናገራል። ልብ ይበሉ፤ ዳዊት በሰው ፊት ዝም አለ እንጂ በእግዚአብሔር ፊት ዝም አላለም። በሰው ፊት የሚዘጋ አፍ በእግዚአብሔር ፊት ካልተከፈተ ውስጥን ይመርዛል።

ቀጥሎ የሚያስረክቡትን በስም ይጥሩ፤ «ስሜን፣ ሥራዬን፣ ልጆቼ የሚሰሙትን፣ የሚፈረድበትን ቀን ለአንተ ሰጥቻለሁ» ይበሉ። በመጨረሻ ለከሳሽዎ በስሙ ይጸልዩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልብ ላይወጣ ይችላል፤ እንዳልወጣም ለእግዚአብሔር ይንገሩትና አንድ ቃልም ቢሆን ይጸልዩ። ለሰው መጸለይና ጥፋቱን መመኘት በአንድ ልብ ለረጅም ጊዜ አብረው አይቆዩም።

ከነዚህ ይጠንቀቁ፦ ከሳሹ እንዲጠፋ ስለት መሳል፤ «ፍርድህን እስከዚህ ቀን ካላሳየኸኝ» ብሎ ለእግዚአብሔር ቀን መቁረጥ፤ ወደ ጠንቋይ መሄድ፤ በከሳሹ ላይ የደረሰውን በሽታ ወይም ኀዘን «አየህ፣ የእኔ እንባ ነው» ብሎ መተርጐም። «ጸልዩልኝ» እያሉ ነገሩን ለሃያ ሰው ማዳረስም ወሬ ነው፤ የጸሎት ልብስ ቢለብስም። ጸሎት የሚጠይቁት ሰው ዝርዝሩን ማወቅ አያስፈልገውም፤ «ፈተና ላይ ነኝ፤ በጸሎት አስቡኝ» ይበቃል።

7. ዝም ብለው ይኑሩ እንጂ አይሰወሩ

ዝምታና ኩርፊያ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ኩርፊያ ሰላምታ ይከለክላል፤ ከማኅበር ያስቀራል፤ ፊትን ያጠቁራል። ዝምታ ግን ሰላም ይላል፤ ለቅሶ ይደርሳል፤ የዕድር ስብሰባ ላይ በሰዓቱ ይገኛል፤ ስለ ክሱ ብቻ አያወራም። የሸሸ ሰው ጥፋተኛ ይመስላል፤ ከዚያ በላይ ግን መራቅዎ በጭንቅ ጊዜ የሚደግፉዎትን ሰዎች ያሳጣዎታል።

ለትዳር ጓደኛዎና ለደረሱ ልጆችዎ ነገሩን ከውጭ ከመስማታቸው በፊት በአጭሩ ይንገሯቸው። «እንዲህ ተብያለሁ፤ እውነት አይደለም፤ የሚገባውን እያደረግሁ ነው፤ እናንተ በየሰዉ መልስ አትስጡ» ይበሏቸው። ካልነገሯቸው ዝምታዎ ለእነርሱ ጥርጣሬ ይሆናል።

የዕለት ሥራዎን አያቋርጡ። የነህምያ ጠላቶች ለጻፉት ሁሉ አሸናፊ የሆነው መልስ የተጠናቀቀው ቅጥር ነበር፤ በ52 ቀን ተፈጸመ። እርስዎም በሐሰት በተከሰሱበት ጉዳይ ላይ ከቀድሞው ይልቅ ጥንቃቄ የተሞላ ሥራ ይሥሩ፤ ደረሰኝ ይስጡ፣ ያስፈርሙ፣ ሒሳብ በወቅቱ ያሳዩ።

ሰውነትዎንም ይጠብቁ። ይብሉ፣ ይተኙ፣ ይራመዱ። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ በተለይም መኖር ትርጉም የለውም የሚል ሐሳብ ከመጣ በዚህ ጉዳይ ዝምታ የለም፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ ወደ ጤና ተቋምም ይሂዱ። ሐኪም ዘንድ መሄድ በእግዚአብሔር አለመታመን አይደለም።

8. እውነት ሲወጣም፣ ሲዘገይም ራስዎን ያዘጋጁ

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እያደር የሚለው ቃል ግን የቀኑን ብዛት አይነግርም። ዮሴፍ ሲሸጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። አስታውሰኝ ያለው ሰው እንኳ ከእስር ከወጣ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ረስቶታል። ደግሞም መጽሐፍ ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት ፊት ነጻ ተባለ የሚል ቃል አይነግረንም። አንዳንድ ሐሰት በሰው ፊት ሳይታረም ይቀራል። ይህን አሁን መቀበል ይከብዳል፤ ነገር ግን መታመን ማለት ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያምነኛል ብሎ መጠበቅ ብቻ አይደለም። ሰው ባያምንም እውነቱን የሚያውቅና የሚፈርድ አምላክ እንዳለ አውቆ በንጽሕና መኖር ነው።

ስለዚህ በየሦስት ወሩ ደብተርዎን ይክፈቱና እንደገና ያስቡ። አዲስ ማስረጃ አለ? ልነግረው የሚገባኝ አዲስ ሰው አለ? ዝምታዬ አሁንም የተመረጠ ነው ወይስ ፍርሃት ሆኗል? መልሱ ከተለወጠ ወደ አራተኛው ደረጃ ይመለሱ።

እውነቱ ከወጣ ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው እርማት ነው። ክሱ በጉባኤ ከተነገረ እርማቱም በጉባኤ ይነገር፤ በቴሌግራም ቡድን ከተለጠፈ እዚያው ይለጠፍ፤ በደብዳቤ ከሆነ ከሥራ ማኅደርዎ እንዲወጣ በጽሑፍ ይጠይቁ። ይህ በቀል አይደለም፤ እውነት ሐሰቱ የደረሰበት ቦታ ሁሉ ሊደርስ ይገባዋል።

ሁለተኛው ይቅርታ ነው። ዮሴፍ ለወንድሞቹ ራሱን ሲገልጥ መጀመሪያ ግብፃውያኑን ሁሉ ከፊቱ አስወጣ፤ የወንድሞቹ ኃፍረት በእንግዳ ዐይን እንዳይታይ። እርስዎም ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣን ሰው በሰው ፊት አያዋርዱት፤ «አላልኩህም?» አይበሉት። ይቅር ማለት ግን ወዲያውኑ ገንዘብዎን ወይም ምሥጢርዎን እንደ ቀድሞው አደራ መስጠት አይደለም። ቂምን ዛሬ መተው ይቻላል፤ አመኔታ ግን በሥራ ተፈትኖ የሚመለስ ነው።

ክሱ የደረሰብዎ ዛሬ ከሆነ ስምንቱን ደረጃዎች ዛሬውኑ ለመፈጸም አይሞክሩ። ለዚህች ምሽት የሚያስፈልግዎ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው፤ ስልክዎን ይዝጉ፣ መዝሙር 7ን ያንብቡ፣ ይተኙ። ነገ ጠዋት ደብተሩን ይግዙና ሦስቱን ዓምድ ይሥሩ። የቀጠሮ ወይም የምላሽ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ከደረሰዎ ደግሞ ቀኑን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ይጻፉት።